የመስተዋት ጀርባ

በረዶ በጣሪያ፣ በረዶ በደጃፍ፣
ከጃፓን ሰሜን ዳር፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
መስተዋት ወልዋዩ ኢሶጂሮ መጣ፣
ሣጥኑን አዝሎ፣ ጉም ካፉ እየወጣ።

ያን ጊዜ መስተዋት ብርጭቆ አልነበረም፣
ነሐስ ነው፤ ካላሹት ፊት ለይቶ አያውቅም።
ይደክማል እንደ ሰው፣ ይፈዛል እንደ ዓይን፣
የትንፋሽ፣ የጢስ ጉም ይለብሳል ቀን በቀን።
በየቤቱ ገብቶ፣ ከየምድጃው ዳር
በሮማን ጭማቂ ዝገቱን ሲያባርር፣
ባዜቃውን በጨርቅ ሲያሽ፣ ሲያዟዙር፣
ከጠራው ነሐስ ውስጥ ቀድሞ የሚወጣ
የርሱ ፊት ነው ሁሌ፤ ብርድ የበላው፣ የነጣ፤
በክንዱ ጠርጎ ነው ለባለቤት የሚሰጥ፣
የራሱን መልክ ሽሮ የሰው መልክ ሊገልጥ።

አንዲት ሙሽራ አለች፦ «እጅግ አታጥራብኝ»፤
አንድ ነጋዴ ደግሞ፦ «የአባቴን ፊት አሳየኝ»።
መነኩሴው አለፈ፣ ቆም ብሎ ሳቀና፣
«ጨረቃም ብርሃኗን ተውሳ ነው» አለና።
«ታዲያ መቼ ልትመልስ?» አለ ኢሶጂሮ፣
እጁን ሳያሳርፍ፣ ጨርቁን አዙሮ።

ታዙ የምትባል ሴት አመጣች ጠቅልላ፣
አምስት እናት ያዩት፣ የሳሳ እንደ ገላ፤
ጀርባው ላይ ሽመላ፣ ክንፏን የዘረጋች፣
ከጥድ ዛፍ ሥር ቆማ ለመብረር ያሰበች።
ማንም አያያትም፤ ጀርባ ምን ይታያል?
ሰው ፊቱን ሊያይ እንጂ መች ጀርባ ይገዛል?

«ለፊቴ አይደለም» አለች፤ «ፊቴን ትቼዋለሁ፤
ለሱ ነው» ጠቆመች፤ «ፀሐይ እሻለሁ።»
ማጎሱኬ ባሏ፣ ወገቡ የከዳው፣
ከመከር ጀምሮ ፀሐይ የረሳው፣
ግድግዳ ያያል፤ ግድግዳም ያየዋል፤
የበረዶው ቁልል መስኮቱን ውጦታል።

ኢሶጂሮ ሠራ፤ ቀስ አለ፣ ተጠንቅቆ፣
ነሐሱ ከእጁ ሥር ሲሳሳ ዐውቆ።
መወልወል ማለት’ኮ ጥቂት መስረቅ ነው፤
ብርሃን ሲጨምር አካል ነው ሚጎድለው።

ከቀትር በኋላ፣ ደመናው ሲቀደድ፣
በር ላይ ቆመች ታዙ፣ እግሯ በብርድ ሲነድ።
ፀሐይ አበደረች፤ ታዙ ተቀበለች፤
አዘንብላ ይዛ ወደ ጓዳው ለቀቀች።

ግድግዳው ላይ ወጣች።
ሽመላዋ።

ሰውየው ደንግጦ፣ አንገቱን አንሥቶ፦
«ወፍ ገባች፣ አንቺ ሴት፤ ማን ለቀቃት ከፍቶ?»
የታዙ እጅ ሲርድ ወፏም ክንፏን መታች፤
ልቧ ሲረጋጋ እሷም ተረጋጋች።

ፊቱ ልሙጥ ነበር፤ አንድ ጭረት የለው፤
የኋላውን ሥዕል ማን ወደ ፊት አመጣው?
ኢሶጂሮ ያውቃል፣ ነሐሱ ሲሳሳ
የጀርባው ቅርጽ ሁሉ በፊቱ ሲነሣ፤
ዓይን አያገኘውም፣ ጣት አይዳስሰውም፣
ብርሃን ሌላ ግድግዳ ላይ ካልጻፈው አይታይም።

እኔ ይህን ስጽፍ አንዲት ቃል ያዘችኝ፤
መስተዋት በግዕዝ «መጽሔት» ነው፤ ገረመኝ።
ዛሬ መጽሔት ስንል ወረቀት እናያለን፣
ገልጠን ገልጠን ገልጠን፣ ፊታችንን ሳናይ እንከድናለን።
ልቡና መስተዋት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም
ብዬ ነበር አንዴ፤ አልጸጸት ዛሬም፤
ግን የቱን ጎኑን ነው? ፊቱን ብቻ ያልነው፤
ከጀርባችን ላይ ማን ምን ቀረጸ? ማን አየው?
ምናልባት አንድ ሰው፣ የተኛ፣ ጓዳ ውስጥ፣
እኛ ስንንቀጠቀጥ ያየዋል በግልጥ።

ዋጋው አንድ ስፍር ሩዝ፣ ሁለት ደረቅ ዓሣ።
«ለከርሞስ?» አለችው፣ እጇን ሳታነሣ።
«እመጣለሁ» አለ፤ «ይኼን ግን አልነካም፤
አንዴ ብደግመው ይበሳል፤ አይችልም።»

ሣጥኑን አዘለ።
ከጓዳው ድምፅ መጣ፦
«ወደ ግራ አድርጊያት፤ ከጥዱ ሥር ትውጣ።»